ወንድሜ ኢንስብሩክን ያስጎበኘኝ ሰሞን

ኮሎምበስ ውስጥ መርዶ ሲመጣ የሚጠሩት እኔን ነበር።

ለምን እኔን እንደመረጡ እንጃ። ድምፄ ስለማይንቀጠቀጥ ይሆናል። ከሞርስ ሮድ ጀርባ ያሉትን አፓርትመንቶች ደረጃ ገና ሳይነጋ ስንቴ እንደወጣሁ ቆጥሬው አላውቅም። ሥርዓቱን ከልቤ አውቀዋለሁ። ባለ መርዶው ሺፍት ላይ ከሆነ እስኪወጣ ይጠበቃል። መንገድ ላይ ከሆነ አይደወልለትም፤ መሪ እንደያዘ ይደነግጣል። ፌስቡክ ላይ ማንም "ነፍስ ይማር" ብሎ እንዳይጽፍ ዘመድ ሁሉ ይለመናል። ከዚያ ሦስት አራት ሆነን፣ አንድ ትልቅ ሰው ከፊት አስቀድመን በሩን እናንኳኳለን። ሰውየው ከፍቶ ፊታችንን ሲያይ ገና ሳንናገር ያውቃል። ቀድሜ ገብቼ የምይዘው እኔ ነኝ። ለቅሶው ሲበረታም "ቀስ በሉ እባካችሁ፣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል" የምለው እኔው ነኝ።

ያኔ ግሮቭ ሲቲ ያለ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሽግ ነበር። ባለቤቴ ታደሰ ትራክ ይነዳል። ሁለት ልጆች አሉን፤ በአማርኛ ስጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል። ዲቪ ደርሶን ከመጣን ወዲህ ከሥራና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም ሄጄ አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቫኬሽን የሚባለውን ነገር ሌላ ሰው ሲያወራ ነበር የምሰማው።

ደሴ ተወልደን ያደግን ሦስት ነን። ታላቃችን ሙሉነሽ ናት፤ እኔም ታናሼ ብርሃኑም "እትዬ ሙሉ" ነው የምንላት። እናታችን የሞተችው ብርሃኑ ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ ስለሆነ ያሳደገችን እሷ ናት። አንዴ ሽማግሌ ተልኮባት "እኔ ባለ ሁለት ልጅ ነኝ፤ ሰውየው ችሎ ያሳድጋል?" ብላ እንደመለሰቻቸው ሰፈሩ ሁሉ ሲያወራው ይኖራል። ነገር ትችልበት ነበር። አሥቃ ነው ያሳደገችን።

ብርሃኑ በሱዳን በሊቢያ አድርጎ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ጣሊያንን አቋርጦ ኢንስብሩክ የምትባል የኦስትሪያ ከተማ ቀረ። "ለምን እዚያ?" ስለው "ተራራው ጦሳን ይመስላል" አለኝ። አንድ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ ይሠራል። የስደተኛ ወረቀት አግኝቷል፤ ወረቀቱ ግን ከአንድ አገር በስተቀር የትም ያስኬደዋል። ያቺ አንዷ አገር ኢትዮጵያ ናት። እኔ ጋ ለመምጣትም የአሜሪካ ቪዛ ጠይቆ አልተሳካለትም። እንዲህ እንዲህ እያልን ሳንተያይ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነን።

ሲቲዝን ከሆንኩ በኋላ ታደሰ "ሂጂ በቃ፣ ወንድምሽን እይው" ብሎ ትኬት ቆረጠልኝ። የመስከረም መጀመሪያ ነበር። ከመነሳቴ በፊት እትዬ ሙሉ ጋ ስደውል ደስታዋ ከኔ ይበልጥ ነበር። "ሁለታችሁን በአንድ ስልክ ውስጥ ልያችሁ" አለችኝ። "እሱ ሲስቅ ጥርሱ እንዳለ ነው ወይ? እይልኝ።"

ሙኒክ አውሮፕላን ማረፊያ ወርጄ በአውቶቡስ ኢንስብሩክ ገባሁ። ብርሃኑ መናኸሪያው ላይ ጥቁር ጃኬት ለብሶ ቆሟል። ትቼው የሄድኩት ቀጭን ልጅ ትከሻው ሰፍቶ፣ ያልተላጨ ፂሙ ብቅ ብቅ ብሎ ጠበቀኝ። አቅፎ ያዘኝ፤ ሰው እየዞረን አለፈ፤ እሱ አልለቀቀኝም። ሲለቀኝ ዓይኑ ደም መስሏል።

"ምነው አንተ?"

"የደስታ ነው። ስንት ዓመት መሰለሽ?"

"ፂሙስ? በቪዲዮ ሳይህ ሁልጊዜ ተላጭተህ አልነበር?"

"ፋሽን ነው እዚህ" አለና ሻንጣዬን ተቀበለኝ።

የፂም ነገር ለማንም ኢትዮጵያዊ ምን ማለት እንደሆነ ይታወቃል። ያውም ለኔ። ግን ሰው የራሱ ሲሆን አያይም።

ገና ሳንራመድ ስልኬን ጠየቀኝ። "የአሜሪካው ሲም እዚህ ከሠራ ሂሳቡ ይገድልሻል። ኤርፕሌን ሞድ ላይ ተይው፤ በኔ ትደውያለሽ።" እውነት መሰለኝ። በሱው ስልክ ታደሰ ጋ ደወልን።

"ደረስሽ ፀሐይ? ጎበዝ። ልጆቹ ደህና ናቸው። አንቺ ብቻ ተዝናኚ" አለኝ።

ተዝናኚ! ታደሰ እንዲህ ያለውን ቃል ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። "ምን ሆነህ ነው?" አልኩት እየሳቅሁ። "ሥራ ላይ ነኝ፣ ኮል አደርግሻለሁ" ብሎ ዘጋው።

"እትዬ ሙሉስ? አሁን እንደውልላት፣ አንድ ላይ ሆነን ትየን" አልኩት ብርሃኑን።

"ደሴ ኔትወርክ የለም። ከትናንት ጀምሬ ስሞክር ነበር።"

የአገራችን ኔትወርክ ጠፋ ሲባል ማን ይጠራጠራል?

ከተማዋ ውብ ናት፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። መሐሏን ኢን የሚባል ወንዝ ይቆርጣታል፤ ውኃው ነጣ ያለ አረንጓዴ ነው፤ ሲሮጥ ሰው የሚያባርረው ይመስላል። ከወንዙ ማዶ ቤቶቹ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ ተቀብተው ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው ቆመዋል። ቀና ስትሉ ደግሞ ከየመንገዱ ጫፍ ተራራው አለ፤ ሰማዩን ከፍሎ ይዞታል። ብርሃኑ የከተማዋን ታሪክ አንድ በአንድ ያውቀዋል። ቋንቋውን የተማረው በእረፍት ቀኑ አስጎብኚዎች ኋላ እየተከተለ እንደሆነ ነገረኝ። "እነሱ ለቱሪስት ይናገራሉ፣ እኔ በነፃ እማራለሁ።"

አሮጌው ከተማ ውስጥ የወርቅ ጣሪያ የሚሉት ሰገነት ስር አቆመኝ። ከታች ሰው ግጥም ብሎ ፎቶ ያነሳል።

"ጥንት የአገሩ ንጉሥ እዚያ ላይ ተቀምጦ አደባባዩ ላይ ጨዋታ ያይ ነበር።"

"እውነት ወርቅ ነው?"

"መዳብ ነው፣ በወርቅ የተለበጠ።"

"እትዬ ሙሉ ብታየው 'ይኼን ነቅሎ የሚሄድ አንድ ሌባ አጡ?' ነበር የምትል" አልኩ፤ በሷ ድምፅ፣ በሷ አነጋገር።

ብርሃኑ ሳቀ። ሳቁ አልቆም አለው፤ ሆዱን ይዞ አንድ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ፤ ዕንባው ወረደ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ሰዎች እያዩን ፈገግ ብለው ያልፋሉ።

"በል ቅረጸኝ፣ ኔትወርክ ሲመጣ እንልክላታለን" ብዬ ስልኩን ሰጠሁት። ነጠላዬን አስተካክዬ ከጣሪያው ስር ቆምኩ። "እትዬ ሙሉ! እትዬ ሙሉዬ፣ ይኸውልሽ ልጅሽ ጋ መጥቻለሁ። ጥርሱ እንዳለ ነው። ግን ከስቷል፣ ፂሙን ሳይላጭ መነኩሴ መስሏል፣ ስትደውይለት ተቆጪልኝ እሺ?"

ጨርሼ ስጠጋው ስልኩን አየት አደረገና "አልቀረጸም። ድገሚው" አለኝ። ደገምኩለት። ሁለተኛውንም "እጄ ተንቀጠቀጠ፣ እንደገና" አለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስናገር እሱ ስክሪኑን ሳይሆን እኔን እያየኝ ነበር፤ ከንፈሩ የእህቴን ስም ከኔ ጋር ይላል።

በማግሥቱ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ወሰደኝ። ገና ስገባ ደነገጥኩ። መሐል ላይ አንድ ትልቅ የእምነበረድ መቃብር አለ፤ ግራና ቀኙን ከሰው የሚረዝሙ የጥቁር ነሐስ ሐውልቶች በሰልፍ ቆመዋል፤ ነገሥታት፣ ወይዛዝርት፣ የጦር ልብስ የለበሱ። ፊታቸው ሁሉ ወደ መቃብሩ ነው።

"የከተማው ሰው ጥቁሮቹ ሰዎች ይላቸዋል" አለኝ በሹክሹክታ።

"ምን እያደረጉ ነው?"

"ለቅሶ ላይ ናቸው።"

"የማን?"

"የዚያው የወርቅ ጣሪያው ንጉሥ። ግን እዚህ አልተቀበረም፤ ሬሳው ሌላ ከተማ ነው ያለው። ይኼ መቃብር ባዶ ነው።" ወደ ሐውልቶቹ ዞረ። "ሰውየው እዚያ ተቀበረ፣ ለቀስተኛው እዚህ ቀረ። ስንት መቶ ዓመት ቆመው ያለቅሳሉ።"

ተረት እንደነገረኝ ቆጥሬ "አሳዘኑኝ" አልኩና ልብሳቸውን እያየሁ ዞርኩ። አንዷ ሴት ሹሩባዋ የኛን ይመስላል፤ ላሳየው ዞር ስል የለም። ፈልጌ ፈልጌ ግቢው ውስጥ ካለ አምድ ጀርባ አገኘሁት። ፊቱ እርጥብ ነው።

"ምን ሆንክ ብሬ? አሞሃል እንዴ?"

"ታጠብኩ። ውስጡ ይጨንቃል።"

ምሳ አልበላም አለኝ። ማታም ለኔ አዝዞ ራሱ ሹካውን ብቻ ሲያዟዙር አየሁት። "ብቸኝነት ጎድቶታል፤ ስሄድ ምን ይሆን?" ብዬ አሰብኩ። መርዶ ስንት ቤት ያደረስኩ ሴትዮ፣ ከፊቴ ከተቀመጠው መርዶ ጋር ስንት ሰዓት ሙሉ አብሬ በላሁ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ተራራው ወጣን። መጀመሪያ በሐዲድ፣ ከዚያ በገመድ በሚሄደው ካቢን። ካቢኑ መሬቱን ለቆ ሲንሳፈፍ ክንዱን ጨምድጄ ያዝኩት። "አትፍሪ፣ አለሁ" አለኝ፤ በሕፃንነቱ እኔ እንደምለው።

ላይ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ፀሐዩ ግን ደማቅ ነው። የምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ከተማዋ ከበታችን የልጆች መጫወቻ መስላለች። የጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት የመራመጃ ዘንጋቸውን አስደግፈው ሾርባ ይጠጣሉ።

"ጦሳ ላይ የወጣን ዕለት ትዝ ይልሃል?" አልኩት።

ቁልቁል ወደ ከተማዋ ያይ ጀመር።

"ትንሽ ነበርክ። እትዬ ሙሉ በጠዋት ቀስቅሳ ይዛን ወጣች። ቀኑን ሙሉ ቆሎ እያበላችን፣ እያጫወተችን ዋልን። ደሴን ከላይ እያሳየች 'የኛን ጣሪያ ፈልጉ' ስትለን ነበር። ለካ ታች እማዬን እየቀበሯት ነው። ማታ ስንወርድ ነው ድንኳን ያየነው።"

"ትዝ ይለኛል" አለ። ድምፁ ከሩቅ መጣ።

"አንተ ደስ ብሎህ ነበር ያን ቀን። አንበጣ ይዘህ..." እያልኩ ስልኬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ግድግዳው ላይ የዋይፋይ ምልክት አይቼ ነበር። "እስቲ እዚህ ከፍታ ላይ ኔትወርክ ይሻል እንደሆነ ራሴ ልሞክራት። ተራራውን ትየው።"

ዋይፋዩን እንደከፈትኩ እጁ መጥቶ ስልኩን ከነጣቶቼ ሸፈነው።

"ተይው" አለኝ።

እጁን አየሁ። ከዚያ ፊቱን አየሁ። ፂሙን፣ ጥቁር ጃኬቱን፣ የከሰለ ከንፈሩን። ያን ፊት አውቀዋለሁ። ሞርስ ሮድ ላይ መኪና አቁመን፣ ወደ ሰው ደጃፍ ከመሄዳችን በፊት መስታወት ውስጥ የማየው የራሴ ፊት ነው።

"ብሬ፣ ማነው?"

እጄን አጥብቆ ያዘው።

"ታደሰ ነው?"

ራሱን ነቀነቀ፤ አይደለም።

"ልጆቼ?"

"ደህና ናቸው። በእግዚአብሔር፣ ደህና ናቸው።"

የቀረው አንድ ስም ነው። ልጠራው አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣልኝም። እሱም አልጠራውም። እንዲያው እጄን እንደያዘ አንገቱን ጠረጴዛው ላይ ደፋ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ወንበሩ ከኋላዬ ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። በስንት አፓርትመንት "ቀስ በሉ" ያልኩት አፍ፣ ያን ሁሉ ተራራ ሞልቶ "እትዬ ሙሉ!" አለ። ደረቴን መታሁ፤ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ፤ ተነሳሁ፤ እንደገና ጮህኩ። ሰዎች ሹካቸውን አስቀመጡ። አንዲት አስተናጋጅ ከፍታው ያመመኝ መስሏት ውኃ ይዛ ሮጠች። ብርሃኑ በጀርመንኛ አንድ ነገር አላት፤ ሁለት ቃል ቢሆን ነው።

ያኔ አዛውንቱ ሰውዬ ከመቀመጫው ተነሳ። ኮፍያውን አወለቀና ደረቱ ላይ ይዞ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሚስቱ መጥታ ካፖርቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ከጎኔ ተንበረከከች። ቋንቋዬን አታውቅም፣ እህቴን አታውቅም። ጀርባዬን እያሻሸች አለቀሰች።

በካቢኑ ተመልሰን ወረድን።

ብርሃኑ ክፍል ገብተን በሩ ሲዘጋ የመጀመሪያ ጥያቄዬ "መቼ?" የሚል ነበር።

"አንቺ አውሮፕላን ላይ ሆነሽ። የደም ግፊቷ ተነስቶ ነው። ሌሊት ወድቃ ጎረቤት አገኛት። ታደሰ ደወለልኝ። በማግሥቱ ተቀበረች።"

"በማግሥቱ።" የወርቁ ጣሪያ ስር ነጠላዬን ሳስተካክል። "ሙኒክ ወርጄ ነበርኩ እኮ ብርሃኑ! ግማሽ መንገድ ላይ ነበርኩ! ቀብሩ ቢያመልጠኝ ለሰልስቷ እደርስ ነበር። አፈሯን እነካ ነበር። አንተ የመዳብ ጣሪያ ታሳየኛለህ?"

"አውቃለሁ።"

"ታደሰስ? እሱም አብሮ?"

"ታደሰ 'ስትደርስ ንገራትና አዲስ አበባ በረራ እቆርጥላታለሁ' ብሎኛል። ለምኜ ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ስጠኝ አልኩት። ነገ ጠዋት እዚህ ያሉ የአገር ልጆች እንዲመጡ ነግሬ ነበር፤ እንደ ሥርዓቱ ሊነግሩሽ።"

"ለምን?"

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች ያደርግ ነበር።

"ብነግርሽ ትሄጃለሽ" አለኝ። "በዚያው አውቶቡስ ትመለሽ ነበር። መሄድም ነበረብሽ። እኔ ግን መሄድ አልችልም ፀሐይ። እዚህ ክፍል ውስጥ ከማን ጋር ነው የማለቅሳት? ላውንድሪ ውስጥ ለማን ነው የምነግር?" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ሌላም ነገር አለ። ስትመጪ ገና ከአውቶቡሱ ወርደሽ 'እትዬ ሙሉ ጋ እንደውል' አልሽ። እኔ ጋ ሞታ ነበር፤ አንቺ ጋ ግን አልሞተችም። እንደዚያ አድርጎ ስሟን የሚጠራ ሌላ ሰው በዓለም ላይ አልቀረኝም። ትንሽ ልስማት ብዬ ነው። ትንሽ ትቆይልኝ ብዬ።"

ሦስት ጊዜ ያስደገመኝ ለዚያ ኖሯል።

ልታረቀው አልቻልኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በጥፊ ልመታው እጄን አንስቼ ነበር። ያን ሁሉ ሳቄን ጠላሁት። እህቴ አፈር ሲጫንባት እኔ አይስክሬም ይዤ ድልድይ ላይ ፎቶ ተነስቻለሁ። ከጦሳ የወረድን ዕለትም እንዲሁ ተቆጥቼ ነበር። እትዬ ሙሉን እስክትሞት ድረስ አልነገርኳትም እንጂ፣ እናቴ ስትቀበር ቆሎ ስላበላችኝ በልቤ ይዤባት ኖሬአለሁ። አሁን ደግሞ እሱ።

ስልኩ ጠራ፤ ታደሰ ነው። እያለቀሰ "ነገ ወደ አዲስ በረራ አለ፤ ልቁረጥልሽ?" አለኝ። "ሰልስቱ አልፏል፤ ግን ቤቱ ሰው አለ። ሂጂና አልቅሽ።"

ብርሃኑ ይሰማል። "ሂጂ" አለኝ በከንፈሩ። ተነሥቶ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ጎተተ፤ ልብሴን እያጣጠፈ ይከት ጀመር። የልብስ ማጠቢያ ቤት ሠራተኛ ነውና ሲያጣጥፍ እጁ አይሳሳትም። አንዱን ቀሚሴን ግን አጣጥፎ ይፈታዋል፣ እንደገና ያጣጥፋል፣ ይፈታዋል። እሱን ሳይ ልቤ ተሰበረ። ደሴ ሄጄ የማገኘው ድንኳን ነው፤ እትዬ ሙሉ ያሳደገችው ልጅ ግን እዚህ ነው ያለው።

"ተወው ታደሰ" አልኩት። "እዚሁ እንቀመጣለን።"

ፍራሹን መሬት ላይ አወረድን። በማግሥቱ ጠዋት የሚያውቃቸው ልጆች መጡ፤ ሐበሾች ናቸው፣ ከኛም ከኤርትራም። ሻይ አፍልተው፣ ዳቦ ይዘው ከበቡን። ከሰዓት የሆቴሉ የላውንድሪ አለቃ፣ አንዲት ወፍራም የከተማው ሴት፣ ሻማ ይዛ መጥታ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ መሬት ተቀመጠች። ብርሃኑ እሷ ፊት አለቀሰ። "አብራችሁ ሠርታችሁ ምንም አልነገርካትም?" ስለው "አሁን ነው የነገርኳት" አለኝ። በነዚያ ቀኖች ጠዋት ጠዋት እኔ ሳልነሳ ሄዶ አንሶላ አጥቦ ይመለስ እንደነበር ያኔ ነው የሰማሁት። የማሽኑ ድምፅ ከባድ ስለሆነ እዚያ ውስጥ ይጮህ ነበር።

እስከ መመለሻዬ ቀን አብረን ተቀመጥን። ስለ እትዬ ሙሉ አወራን፣ አለቀስን፣ እንደገና አወራን። መናኸሪያው ላይ ሲሸኘኝ "ይቅር ብለሽኛል?" አለኝ። "አላውቅም" አልኩት። እውነቴን ነበር። አቅፌው ግን ነው ያልኩት።

ኮሎምበስ ስመለስ ቤቴ በሰው ሞልቶ ጠበቀኝ። መርዶ ያደረስኩባቸው ሰዎች ሁሉ መጥተዋል። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ "አይ አም ሶሪ ማሚ" እያለች እጄን ይዛ ዋለች። ታደሰን ብዙ ቀን አኮረፍኩት፤ ከዚያ ማኩረፌን ተውኩ።

አሁን ከዚያ በኋላ ጊዜ አልፏል። "እና መርዶ መደበቅ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?" ብላችሁ ብትጠይቁኝ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። የቀብሯ ነገር ዛሬም ያቃጥለኛል፤ ደሴ ሄጄ መቃብሯ ላይ ተደፍቼም አልበረደልኝም። ብርሃኑን ግን የምጠይቀው ጥያቄ ተለውጧል። በፊት "እንዴት ደበቅኸኝ?" ነበር። አሁን "እንዴት ቻልከው?" ነው። እኔ ያን ያህል ዘመን መርዶ ስናገር የማስበው ስለሚነገረው ሰው ብቻ ነበር፤ እንዳይወድቅ፣ እንዳይደነግጥ፣ እንዲበላ፣ ሺፍቱን እንዲጨርስ። ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ፣ ፊቱን አስተካክሎ፣ ከባለ መርዶው ጋር እየሳቀ እራት የሚበላውን ሰው አንድ ቀን "አንተስ?" ብዬው አላውቅም። እሱም እኮ ሞቶበታል። እናንተም ብትሆኑ እንዲህ ያለ ሰው በአጠገባችሁ ሳያልፍ አይቀርም።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከማኅበራችን አንዷ ኮል አደረገችኝ። እዚሁ ኮሎምበስ አጠገብ ጋሃና የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው፤ የሚስትየው አባት አገር ቤት አርፈዋል። እሷ ኤርፖርት ሥራ ላይ ነች፤ ማታ ስትገባ ሰብሰብ ብለን እንነግራታለን፣ ማታ ነይ ተባልኩ።

"ባሏስ?" አልኩ።

"እሱማ ሰምቷል። ከሥራ የሚያመጣት እሱ ነው፤ ምንም እንዳታውቅ አደራ ብለነዋል።"

ኮቴን ደርቤ መኪና አስነሳሁ። ሠራተኞች የሚያቆሙበት ፓርኪንግ ውስጥ አገኘሁት፤ መውጫ ሰዓቷ ገና ሳይደርስ መጥቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ በዚያ ብርድ መሪውን ጨብጦ ተቀምጧል። መስኮቱን ሳንኳኳ ደንግጦ ፈገግ ሊል ሞከረ። ከጎኑ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

"እሳቸው ናቸው ለዚህ ያበቁኝ" አለኝ ወደ ፊት እያየ። "ልጃቸውን ሲድሩልኝ ቤሳ ቤስቲን አልነበረኝም። ግን እትዬ ፀሐይ፣ ልትወጣ ነው፣ ፊቴ..."

"ገና ነው" አልኩት። "እስክትወጣ ድረስ አንተ አልቅስ።"

ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። እኔም ጀርባው ላይ እጄን አድርጌ ጠበቅሁት።